ከጤፍ የደቀቀ አሸዋ

ከጋርላንድ የወጣነው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። መሪውን የያዙት ጋሼ ናቸው። እኔ ጎናቸው ተቀምጬ ቡና እቀዳለሁ። ሲዲኤል የሚባለውን የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ሁለት ወሬ ነው። ዳላስ ውስጥ ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ «አሸዋ ጥሩ ይከፍላል» ሲባል ሰምቼ ተመዘገብኩ። አሠልጣኝ ብለው የሰጡኝ እሳቸውን ሆነ። ዕድል ነው።

ጋሼ አገር ቤት ሳሉ የውሃ ጉድጓድ ቁፋሮ ላይ ረዳት መካኒክ ነበሩ። ፐርሚያን በሚባለው የምዕራብ ቴክሳስና የኒው ሜክሲኮ ነዳጅ ሜዳ አሸዋ ማመላለስ የጀመሩት በፈረንጆቹ 2017 ነው። የጉድጓድ ወሬ ከጀመሩ ማቆሚያ የላቸውም።

እኔ ስለ ነዳጅ የማውቀው ይህን ነበር፦ መሬት ውስጥ ጥቁር ሐይቅ አለ፤ ይበሱታል፤ ይመጥጡታል። አሸዋው ደግሞ ለሲሚንቶ መስሎኝ ነበር። ይህን ስነግራቸው ፎርት ዎርዝ እስክንደርስ ሳቁብኝ።

ፎርት ዎርዝ ላይ ሳቁን አቆሙና ወደ ጨለማው ጠቆሙ።

«እዚህ ነው ነገሩ የተጀመረው» አሉ።

ከከተማዋ ሥር ባርኔት የሚባል ሼል አለ፤ ጭቃ ተጨቁኖ የሆነው ድንጋይ ነው። ጋዝ እንዳለው ሲታወቅ ኖሯል። ችግሩ ድንጋዩ ድፍን መሆኑ ነው። ጋዙ በጣም ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ታጉሯል፤ ቀዳዳዎቹ ግን በቅጡ አይገናኙም። ብትበሳውም ጠብ አይልም። ጆርጅ ሚቼል የሚባል የጋልቬስተን ተወላጅ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ገንዘቡን ሲያፈስበት ኖረ። የገዛ ሰዎቹ ሳይቀሩ ተው ይሉት ነበር።

የሚቼል አባት ከግሪክ የመጣ ፍየል ጠባቂ ነው። ስሙ ሳቫስ ፓራስኬቮፖሎስ። ባቡር ሐዲድ ሥራ ላይ ሳለ ደመወዝ ከፋዩ ይህን ስም መጻፍ ሰለቸውና የራሱን ስም ሰጠው፤ ማይክ ሚቼል። ጋሼ ይህችን ታሪክ ይወዷታል። የእሳቸውም ስም ቼካቸው ላይ ግማሹ የለም።

ድንጋይን በፈሳሽ መሰንጠቅ አዲስ ነገር አይደለም። በ1947 ካንሳስ ውስጥ ሁጎቶን በሚባል የጋዝ ሜዳ ሲሞከር፣ ወደ ጉድጓዱ የገፉት በናፓልም የወፈረ ቤንዚን ነበር። አዎ፣ ናፓልም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ጄል ሠሩበት። ጄሉ ጓር ከሚባል ሕንድ ውስጥ ከሚበቅል ጥራጥሬ ይዘጋጃል፤ አይስክሬም ውስጥም ይገባል። ወፍራም ስለሆነ አሸዋን አንሳፍፎ ይወስዳል። ግን ውድ ነው። የሚቼል መሐንዲሶች ወጪ ሊቆጥቡ ጄሉን ትተው ውሃ አደረጉት። ቧንቧው ውስጥ እንዲንሸራተት ትንሽ ኬሚካል ጠብ አደረጉበት። በ1998 ኤስ ኤች ግሪፊን ቁጥር 4 የተባለው ጉድጓድ ላይ ርካሹ ከውዱ በለጠ። በ2002 ዴቨን የተባለው ኩባንያ የሚቼልን ድርጅት ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰጥቶ ጠቀለለው። ያንን ቀጭን ውሃ ከአግድም ቁፋሮ ጋር አጋባውና ባርኔት ተከፈተ።

ስዊትዋተር ስንደርስ ነጋ። የንፋስ ተርባይኖቹ ዳር እስከ ዳር ቆመዋል። ቢግ ስፕሪንግን አለፍን፤ ሚድላንድን አለፍን። ኦዴሳ ላይ ትሬለራችንን አያይዘን በ302 መንገድ ወደ ኬርሚት ታጠፍን። ይህ መንገድ ፈጣሪን ያስጠራል። ከፊትም ከኋላም አሸዋ የጫነ፣ ውሃ የጫነ፣ ቧንቧ የጫነ ትራክ ነው። እንቅልፍ ያናወዘው ሹፌር በሞላበት መንገድ ላይ ጋሼ እንኳ ወሬ ያቆማሉ።

ኬርሚት አጠገብ መሬቱ ተለወጠ። ክምር ክምር አሸዋ፣ በላዩ ጭርንቁስ ያሉ ቁጥቋጦዎች። ቀድሞ ለፐርሚያን የሚሆን አሸዋ ከዊስኮንሲን በባቡር ይመጣ ነበር። በ2017 «ለምን? አሸዋ ላይ ተቀምጠን!» ተባለና እዚሁ ማምረት ጀመሩ። የተከፋ አልጠፋም፤ በዚህ የአሸዋ ክምርና በአካባቢው ብቻ የምትኖር አንዲት ትንሽ እንሽላሊት አለች። በ2024 የፌዴራል መንግሥት ሊጠፉ ከተቃረቡ እንስሳት መዝገብ አስገብቷታል።

ሲሎ ከሚባለው ረጅም የአሸዋ ጎተራ ሥር ገብተን ሚዛኑ ላይ ቆምን። አሸዋው ከላይ ወረደ። ትራካችን ወደ ታች ሲሰምጥ ወንበሬ ላይ ሆኜ ተሰማኝ። ወደ 48,000 ፓውንድ። ስንወጣ መሬት የፈሰሰ አየሁና በጣቴ ቆንጠር አድርጌ አነሳሁ። ደረቅ፣ ንጹሕ፣ ነጣ ያለ። ጤፍ አጠገቡ ቢቀመጥ ስንዴ ይመስላል። እፍ ብል ይበናል። ጋሼ እጄን መቱኝ።

«ማስክ ሳታደርግ አትንካው። ሳንባ ይበላል።»

እውነታቸውን ነው። የዚህ አሸዋ ብናኝ ሲሊካ ነው። በ2012 የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤቶች እነዚህ ጉድጓዶች ላይ ለሚሠሩ ሰዎች በተለይ ማስጠንቀቂያ አውጥተውበታል።

ጉድጓዱ ያለበት ቦታ ፓድ ይባላል። በጠጠር የተደለደለ ሰፊ ሜዳ ነው። ከመድረሳችን በፊት ድምፁ ደረሰ። ሃያ የሚጠጉ የፓምፕ ትራኮች በሁለት ረድፍ ጎን ለጎን ቆመው ያጓራሉ። እያንዳንዱ ከ2,000 የፈረስ ጉልበት በላይ ነው። መሬቱ በጫማዬ ሶል በኩል ይንቀጠቀጣል። ጆሮ መድፈኛ፣ ሄልሜት፣ እሳት የማይዘው ቱታ፣ ደረት ላይ የጋዝ ማንቂያ። ይህን ሁሉ ለብሰን ተሰለፍን። ከፊታችን አሥራ አንድ ትራክ።

ወረፋው አልተንቀሳቀሰም። ጋሼ ወረዱና የትሬለራችን ጎን ላይ ባለው አቧራ በጣታቸው መሣል ጀመሩ።

መጀመሪያ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ወደ ታች አወረዱ። «ይህ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኛ አገር ውሃ ስንቆፍር 200 ሜትር ከገባን ሰፈር ያወራልናል።» ከዚያ መስመሩን አጠፉና ወደ ጎን ሳቡት። «ይህ ደግሞ ሁለት ማይል። አንዳንዱ ሦስት ይሄዳል።»

«ለምን ወደ ጎን?»

«እንጀራ ተደራርቦ በሹካ ብትወጋው ከእያንዳንዱ የምትነካው ነጥብ ታህል ነው። ነዳጁ ያለው አንዱ እንጀራ ውስጥ ነው። ስለዚህ በእሱ ውስጥ ተጋድመህ ትሄዳለህ።»

ጉድጓዱ በብረት ቧንቧ ይለበጣል፤ በቧንቧውና በድንጋዩ መካከል ሲሚንቶ ይሞላል። ቅርጹ እግር ስለሚመስል መታጠፊያው ተረከዝ፣ የመጨረሻው ጫፍ ጣት ይባላል። ሥራው የሚጀመረው ከጣት ነው፤ ወደ ተረከዝ እየተመለሰ።

ፈንጂ የተደረደረበት ረጅም ዘንግ በሽቦ ታስሮ ይወርዳል። «ሽጉጥ» ነው የሚሉት። ጋደም ያለው ቧንቧ ጋ ሲደርስ በራሱ ክብደት መሄድ ስለማይችል ውሃ ከኋላው ይገፋዋል። ከፊቱ ውታፍ ይዟል። ቦታው ላይ ሲደርስ ውታፉ ቧንቧውን ይደፍናል፤ ሽጉጡ ወደ ኋላ እየተሳበ ቧንቧውን ይበሳል። ቀዳዳው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሽቦው ይወጣል፣ ፓምፖቹ ይነሣሉ። መጀመሪያ ጥቂት አሲድ ይሄዳል፤ ቀዳዳው ላይ ያለውን ሲሚንቶ ይበላል። ከዚያ ውሃው።

«ይህ ጎማ ስንት ነው የሚነፋው?» አሉኝ የትራኩን ጎማ በእግራቸው መታ አድርገው።

«መቶ ምናምን።»

«እዚያ 9,000 ይደርሳል።»

በደቂቃ 90 በርሜል ይገፋሉ። አሰብኩት፤ 14,000 ሊትር ነው። አዲስ አበባ የአንድ ግቢ ሮቶ 2,000 ሊትር ቢይዝ በደቂቃ ሰባት ሮቶ ማለት ነው። ድንጋዩ ምን ምርጫ አለው? ይሰነጠቃል። ግን ፓምፑ ሲቆም ከላይ የተጫነው መሬት ስንጥቁን መልሶ ይዘጋዋል። ለዚህ ነው አሸዋው። ውሃው ስንጥቁ ውስጥ ይዞት ይገባል፤ ውሃው ሲመለስ አሸዋው እንደ ሽብልቅ ተወትፎ ይቀራል። ነዳጁ በአሸዋው መካከል ሾልኮ ይወጣል።

አንዱ ክፍል ሲያልቅ አዲስ ውታፍ፣ አዲስ ቀዳዳ፣ እንደገና ግፊት። ክፍሉ ስቴጅ ይባላል፤ ርዝመቱ 200 ጫማ ገደማ ነው። ሁለት ማይል ወደ ሃምሳ ስቴጅ ይወጣዋል። በመጨረሻ በመሰርሰሪያ ገብተው ውታፎቹን ሁሉ ይፈጫሉ። ደስ ያለኝ ግን የቀዳዳው ነገር ነው። ቀዳዳ ሲበዛ ጥሩ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሲበዛ ውሃው የቀለለውን ድንጋይ መርጦ በአንዱ ብቻ ይሄዳል፤ ሌሎቹ ጾማቸውን ያድራሉ። ስለዚህ ሆን ብለው ያሳንሱታል። ጠባብ ሲሆን ለሁሉም ይዳረሳል።

ሌላም ዘዴ አለ። ኖርዝ ዳኮታ ባከን በሚባለው ሜዳ ቀድሞ በብዛት የተሠራበት ነው። ቧንቧው ሲወርድ ተንሸራታች መስኮቶች ተገጥመውለት ይወርዳል። ከላይ ኳስ ይጥላሉ። መጀመሪያ ትንሿ ኳስ፤ ሰፋፊዎቹን መስኮቶች ሁሉ አልፋ ጣት ጋ ያለችውን ጠባቧን ትይዝና ግፊቱ መስኮቱን ገፍቶ ይከፍተዋል። ቀጥሎ ተለቅ ያለች፣ ቀጥሎ ሌላ። ሽጉጥ የለ፣ ሽቦ የለ፣ ፈጣን ነው። ግን የኳሱ መጠን አንድ ቦታ ያልቃል፤ ክፍሎቹም የሚወሰኑት ቧንቧው ሳይወርድ በፊት ነው። ሐሳብ መለወጥ አይቻልም። እዚህ ፐርሚያን ያሸነፈው ሽጉጡ ነው።

እኛ የቆምንበት ፓድ ላይ ሁለት ጉድጓድ ጎን ለጎን ነበር። አንዱ ሲገፋ ሌላኛው ይበሳል፤ ከዚያ ይለዋወጣሉ። ዚፐር ይሉታል፤ እንደ ጃኬት ዚፕ ጥርሶቹ ተራ በተራ ስለሚገቡ። አሁን አሁን ሁለቱንም ባንድ ጊዜ የሚገፉ አሉ።

ጋሼ ይህን እየሣሉ ሳለ ጩኸቱ በአንድ ጊዜ ቆመ። ጆሮዬ ዘጋ።

«ስክሪን አውት» አሉ።

አሸዋው ቀዳዳው አፍ ላይ ተከምሮ መንገድ ዘጋ ማለት ነው። ግፊቱ ሽቅብ ይተኮሳል፤ ፓምፖቹ ቧንቧው እንዳይፈነዳ ራሳቸውን ያጠፋሉ። ከዚያ በኋላ ማጠብ ነው። የአሸዋ አስተባባሪዋ ክሊፕቦርድ ይዛ በወረፋው አለፈች። «ምግብ ካላችሁ ብሉ» አለችን።

ስምንት ሰዓት ቆየን። የሚከፈለን በሎድ፣ ማለትም ባደረስነው ጭነት ቁጥር ነው። የመጠበቂያ ተብሎ የሚሰጠው የቡና አይሞላም። ተስፋ የሰጡኝ ሰዎች ይህን አልነገሩኝም። ረቡዕ ስለነበር ጋሼ ሽሮ በማይክሮዌቭ አሞቁ። ካቢናችን ሽሮ ሽሮ ሸተተ፤ አንድ የሜክሲኮ ሹፌር መስኮት አንኳክቶ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀና አብሮን በላ።

ሲመሽ በስተ ምዕራብ የጋዝ ነበልባሎች ታዩ። እሱን እያየን ስለ መሬት መንቀጥቀጡ ጠየቅኳቸው። በኖቬምበር 2022 ሪቭስ ካውንቲ ውስጥ 5.4 የተለካ መጥቶ ነበር። ጋሼ ያኔ የሹፌሮች ካምፕ ውስጥ ተኝተው አልጋቸው ተነቃንቋል። ብዙ ሰው መሰንጠቁ ያመጣው ይመስለዋል። እዚህ በዋናነት የሚከሰሰው ግን የቆሻሻው ውሃ ነው። ከነዳጁ ጋር ከነዳጁ የሚበልጥ ጨዋማ ውሃ ይወጣል፤ ያንን መልሰው ሌላ ጉድጓድ ውስጥ ይቀብሩታል፤ እሱ አሮጌ የመሬት ስንጥቆችን ያንሸራትታል። እኔ ግን ልዩነቱ ብዙም አላጽናናኝም። ውሃው የዚሁ ሥራ ልጅ ነው። የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ደግሞ የቴክሳስ የባቡር ሐዲድ ኮሚሽን ይባላል። ባቡር ግን አይቆጣጠርም፤ ስሙ ነው የቀረው።

ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ገደማ አንዱ ፓምፕ አጉረመረመ። ቀጥሎ ሌላው። መሬቱ እንደገና ተንቀጠቀጠ። ተራችን ደረሰ። ቱቦውን አያያዝኩ። አየሩ ሲገፋ አሸዋው ቱቦው ውስጥ እየተንጫጫ አለፈ፤ እጄን ባስቀምጥበት ሞቅ ይላል። ሃምሳ ደቂቃ ሲያልፍ ትሬለሩ ባዶ ሆነ። ለአንድ ጉድጓድ ብዙ ጊዜ በአንድ ጫማ ርዝመት 2,000 ፓውንድ አሸዋ ይገባል። ሁለት ማይል ላይ ስታሰላው ከ400 ሎድ በላይ ነው። እኛ አንዱን ጣልን።

አስተባባሪዋ ቲኬታችን ላይ ፈረመች። የጣልነው የት እንደሚሄድ ጠየቅኳት። ወደ ሁለተኛው ጉድጓድ በጣቷ አሳየችኝ። «ስቴጅ 23» አለች።

በር ላይ ስንደርስ ሥራ የሚያከፋፍለው የዲስፓቸሩ መልእክት ገባ። ኬርሚት፣ ሌላ ሎድ። ጋሼ ትራኩን ዳር አስያዙና መቀመጫቸውን ለቀቁልኝ።

«በ302 ላይ ፍጥነት እንዳትጨምር» አሉና ቡትስ ጫማቸውን አውልቀው ከኋላ ወዳለው አልጋ ገቡ።