ከቃጫ የባጃጅ ፓራፋንጎ ስንሠራ

ኮምቦልቻ ውስጥ ምህንድስና አስተምራለሁ። የምርምር ሥራዬ ቃጫ ነው፤ በግላስ ፋይበር (በመስታወት ክር) ፋንታ ቃጫን ከፖሊስተር ሬዚን፣ ማለትም ፈሳሽ ሆኖ ፈስሶ ከሚደርቅ ፕላስቲክ ጋር ማዋሃድ። አሁን ከቀድሞ ተማሪዎቼ ጋር የባጃጅ ፓራፋንጎ እየሠራን እንሸጣለን። «ማስተማሩን ከንግዱ ጋር እንዴት አስኬድከው?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ እስቲ ልጻፈው።

ወረቀት ላይ ቃጫ ያምራል። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 1.45 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ግላስ ፋይበር 2.5 ገደማ። ችግሩ ቃጫ ውኃ ይወዳል፣ ሬዚን ደግሞ አይወድም። ስለዚህ ኮስቲክ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ ዘፍዝፈን፣ አጥበን፣ በደንብ አድርቀን ነው የምንጠቀመው። እርጥብ ከገባ ውስጡ አረፋ ይቀራል፣ ኋላ የሚሰነጠቀውም እዚያ ጋ ነው። ክረምት ላይ መብራት ከጠፋ ማድረቂያው ይቆማል፤ ያን ቀን ሥራ የለም፣ በቃ።

የጥንካሬ ቁጥሬን ይዤ ደሴ አንድ ጋራዥ ሄድኩ። ባለቤቱ ናሙናውን አገላበጠና «መምህርዬ፣ ጥንካሬውን ተወው፤ ቡሎን ሲገባበት አይሰነጠቅም ወይ? ቀለምስ ይይዛል?» አለኝ።

ላብራቶሪ ውስጥ ስበን የምንበጥሰው ናሙና ቀዳዳ የለውም። ባጃጅ ግን ኮብልስቶን ላይ ሲንቀጠቀጥ ጫናው ሁሉ ቡሎኑ ዙሪያ ነው የሚያርፈው። በመሰርሰሪያ ሲበሳ ቃጫው ይቆረጣል፣ ጠርዙ ይተረተራል፣ በዚያው ውኃ ይገባል። ይቺ ጥያቄ የአንድ ማስተርስ ተማሪ የመመረቂያ ርዕስ ሆነች። መፍትሔው መብሳቱን መተው ነበር፤ ቅርጽ ማውጫው ላይ ፒን ተክለን ቃጫው ሳይቆረጥ ፒኑን ዞሮ እንዲያልፍ አደረግን፣ ዙሪያውን በተጨማሪ ንጣፍ አወፈርነው፣ ሲገጠም ደግሞ ሰፊ ሮንዴላ። ከዚያ ወዲህ የምርምር ርዕስ ሲቸግረኝ ጋራዥ ነው የምሄደው። ቀለሙ በአሸዋ ወረቀት ብቻ ተፈታ።

ብርዱም ሌላ ጣጣ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ፤ እዚህ በደንብ የሚደርቅ ሬዚን ደሴ ላይ ይጓተታል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ሠርተን ደሴ እንሸጣለን።

ዋጋ ላይ አትሸወዱ። ቃጫው ርካሽ ስለሆነ ዕቃው ርካሽ ይሆናል ማለት አይደለም። አብዛኛው ክብደት ሬዚን ነው፣ ሬዚኑ ከውጭ ይመጣል፣ ዶላር በናረ ቁጥር አብሮ ይንራል። ደንበኛ የማገኘው «ቢሰበር እዚሁ እንጠግንልሃለን» ብዬ ነው።

«ቢከስርስ?» ይሉኛል። የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የማቴሪያል ሳይንስ ፕሮፌሰር ዬት ሚንግ ቺያንግ እ.ኤ.አ. በ2001 ከሌሎች ጋር ኤ123 ሲስተምስ የተባለ የባትሪ ኩባንያ መሠረቱ፤ በ2012 ከሰረ። ሰውዬው ወንበራቸውንም ምርምራቸውንም አልተዉም፤ በ2017 ፎርም ኢነርጂን ሲመሠርቱ ደግሞ በብረትና በአየር ወደሚሠራ ባትሪ ገቡ። ለመምህር ጥሩነቱ ይኼው ነው፤ ሱቁ ቢዘጋም ላብራቶሪው አይዘጋም። (ደሞዙ አነስተኛ ቢሆንም፣ አለ።)

ለመሰል መምህራን ሁለት ነገር ልጨምር። ጆርናል ላይ ከማውጣታችሁ በፊት የፈጠራ መብት ጥበቃ ማመልከቻ አስገቡ፣ አንዴ ከታተመ «አዲስ ነው» ማለት ይከብዳል። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 አነስተኛ ፈጠራ ለ5 ዓመት ይጠበቃል፣ ለሌላ 5 ዓመትም ይታደሳል። ከተማሪዎቻችሁ ጋር ደግሞ ገና ሳንቲም ሳይገባ ውል ተፈራረሙ። እኛን ከትርፍ ክፍፍሉ ይልቅ ያከራከረን ቅርጽ ማውጫው የማን ነው የሚለው ነበር፤ እሱን የያዘ ሰው ነገ ጠዋት ብቻውን ማምረት ይችላላ! ውላችን ላይ ቅርጽ ማውጫው የድርጅቱ ነው፤ የሚወጣ ሰው ድርሻውን በገንዘብ ይወስዳል።