ማብራሪያው ማታ በስልክ፣ መልመጃው ቀን ከእኔ ጋር

ሀዋሳ ውስጥ 12ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ዴሪቬቲቭ (የለውጥ መጠን ስሌት) ላይ ስደርስ ክፍሉን ገለበጥኩት። ማብራሪያውን ቤታቸው በቪዲዮ ያያሉ፤ መልመጃውን ክፍል ውስጥ አብረን እንሠራለን። ዘዴውን ያስታወቁት ሁለት የኮሎራዶ ኬሚስትሪ መምህራን፣ ጆናታን በርግማንና አሮን ሳምስ ናቸው። በ2007 እ.ኤ.አ. ከክፍል ለሚቀሩ ልጆች ትምህርቱን መቅረጽ ጀመሩ።

እኔ ስልኬን ወረቀት ላይ ደገንኩና እጄና እስክሪብቶዬ ብቻ እየታዩ ቀረጽኩ። ፋይሉ ከ10 ሜጋባይት እንዳይበልጥ ጥራቱን ቀነስኩ። በቴሌግራም ለቀቅኩት። ፓኬጅ የሌለው ከሰፈር ጓደኛው በዜንደር፣ ያለ ኢንተርኔት ፋይል በሚያስተላልፈው አፕ፣ ይቀበላል።

ከዚያ አስተያየታቸውን ስም ሳይጽፉ በወረቀት እንዲሰጡኝ ጠየቅኩ። ብዙዎቹ የወደዱት መልሶ ማየቱን ነው። አንዱ "ክፍል ውስጥ ይደገምልኝ ማለት ያሳፍራል፣ ቪዲዮው ግን አይታዘበኝም" ብሏል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ሆኖ እኔ በአማርኛ ማብራራቴም ተመስግኗል። ቅሬታውም አልቀረም። "ቪዲዮውን ጥያቄ ብጠይቀው አይመልስልኝ!" "ስልኩ የአባቴ ነው፣ አምሽቶ ነው የሚገባው።" "ማታ ወጥ እሠራለሁ፣ ታናናሾቼን አስጠናለሁ።" ይሄ ስንፍና አይደለም። አሁን የሳምንቱን ቪዲዮ አርብ እለቃለሁ። ሁሉም አንድ አንድ ጥያቄ ጽፎ ይመጣል፤ ጥያቄ የሌለው ያላየ ነው ብዬ እገምታለሁ። እሱ ከኋላ ተቀምጦ መጀመሪያ በላፕቶፕ ያያል።

ግራፍ የምሠራበት የሒሳብ ሶፍትዌር፣ ጂኦጂብራ፣ ደግሞ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም። የኤክስ ስኩዌርን ግራፍ አወጣሁ። አንዱን ነጥብ ኤክስ 1 ላይ ተክዬ ሌላውን ቀስ እያልኩ አስጠጋሁት። ሁለቱን ነጥቦች የሚያገናኘው መስመር ስሎፕ (ተዳፋትነት) 3 ነበር፤ 2.5 ሆነ፣ 2.1፣ 2.01። "ቲቸር፣ 2 ሊገባ ነው!" አለ አንዱ ከኋላ። ሊሚትን፣ ማለትም እየተጠጉ የሚሄዱበትን ቁጥር፣ በቾክ ስንት ጊዜ አስረድቼ እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም።

አንዷ ግን "ሲንቀሳቀስ ይገባኛል፣ ወረቀት ላይ እጄ አይታዘዝም" ብላ ጽፋለች። እውነቷን ነው፤ ፈተና ላይ ጂኦጂብራ የለም። ስለዚህ ስክሪን ላይ ያየነውን ወዲያው በእጅ እናወጣዋለን።

ኢንተግራልንም እንዲሁ ላስተምር አስቤያለሁ። ትልቁን ወይም ትንሹን ዋጋ ፈልጉ የሚሉትን፣ በቃላት የተጻፉ የማክሲመምና ሚኒመም ጥያቄዎችን ግን ለቪዲዮ አልተውም። ልጁ እኩልታውን ሲያዋቅር የት ላይ እንደሚሳት አጠገቡ ቆሜ ማየት አለብኝ።