ሳይሮጡ የቀሩት

ዘረኝነትን ስለተቃወሙ ስፖርተኞች ሲነሳ ቀድማ የምትመጣው ያቺ የሜክሲኮ ኦሊምፒክ ፎቶ ናት። እ.ኤ.አ. 1968፣ የ200 ሜትር ሽልማት። ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ ጫማቸውን አውልቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ጥቁር ጓንት ያጠለቀ እጃቸውን ጨብጠው ወደ ላይ አንስተዋል። ልብ ብላችሁ ካያችሁ ስሚዝ ቀኙን፣ ካርሎስ ግራውን ነው ያነሳው። ካርሎስ ጓንቱን ረስቶ ስለመጣ አንዱን ጥንድ ተካፍለውት ነው። ሁለተኛ የወጣው ነጩ አውስትራሊያዊ ፒተር ኖርማንም ደረቱ ላይ የእነሱን ባጅ አድርጓል። ሁለቱ አሜሪካውያን ወዲያው ከቡድኑ ተባረሩ። ከአራት ቀን በኋላ የእኛው ማሞ ወልዴ እዚያው ከተማ ማራቶን አሸነፈ።

ፎቶዋን እወዳታለሁ። ግን ሰሞኑን እዚህ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ባለ ዲኤስቲቪ ቤት፣ የእንግሊዝ ተጫዋቾች ዘረኝነትን ለመቃወም ከጨዋታ በፊት መንበርከካቸው ምን ፈየደ የሚል ክርክር ተነሳ። ጡረታ የወጡ መምህር የሆኑ አንድ ጋሼ ቡናቸውን እያማሰሉ ጣልቃ ገቡ። «የእኛዎቹንስ፣ የሞንትሪያሎቹን ማን ያነሳቸዋል?»

የሞንትሪያል ኦሊምፒክም 1968 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር፣ እ.ኤ.አ. 1976 ማለት ነው። (ይቺ ግጥምጥሞሽ ሁሌ ትገርመኛለች።) ያን ክረምት የኒውዚላንድ ራግቢ ቡድን፣ አፓርታይድ የሚባለው የዘር መድልዎ አገዛዝ ወደነበረባት ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ይጫወት ነበር። እዚያው አገር የሶዌቶ ጥቁር ተማሪዎች በፖሊስ ጥይት ከተገደሉ ገና ሁለት ሳምንት ቢሆን ነው። የአፍሪካ አገሮች ኒውዚላንድ ከኦሊምፒክ ትታገድ አሉ። ሰሚ አላገኙም። ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ20 በላይ አገሮች ውድድሩን ጥለው ወጡ።

ምሩጽ ይፍጠርን አስቡት። ከዚያ በፊት በነበረው የሙኒክ ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ ወስዷል፣ 5 ሺውን ግን ሰዓት አልፎበት ሳይሮጥ ቀርቷል። ሞንትሪያል ላይ ሁለቱንም ወርቅ ፊንላንዳዊው ላሲ ቪረን ጠቅልሎ ወሰደ። ማርሽ ቀያሪው ምሩጽ የእሱን ሁለት ወርቅ ያገኘው ሞስኮ ላይ ነው፤ ከአራት ዓመት በኋላ። ሯጭ ለሆነ ሰው አራት ዓመት ቀላል አይደለም። የዚያ የቀረ ሩጫ ፎቶ ደግሞ የለም። ያልተሮጠን ማን ያነሳዋል?

መውጣቱ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ስሚዝና ካርሎስ ራሳቸው መክረው ነው ያደረጉት። ማራቶን ሯጩ ፈይሳ ሌሊሳም ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ ስለተገደሉት ኦሮሞዎች እጆቹን ሲያጣምር ራሱ ወስኖ ነው፤ ሁለት ዓመት ከአገሩ ርቆ ኖረበት። የሞንትሪያሉን የወሰነው ግን ደርግ ነው። ያውም ደርግ! አገር ቤት ሰው እየረሸነ ለሶዌቶ ልጆች ተቆረቆረ።

ይህን ለጋሼ አልኳቸው። «ቢያንስ ልጆቹን መጠየቅ ነበረባቸው» ብዬ።

ሳቁብኝ። «ምሩጽ የአየር ኃይል ሰው አይደለም እንዴ? ወታደር መቼ ተጠይቆ ያውቃል?»