በማን አቆጣጠር?

ነገሩ የሆነው በ2007 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ፣ ድሬዳዋ ነው። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም፤ ጥፋቱም የኔው ነበር። የሄሊኮፕተር መለዋወጫ መጋዘን ከተረከብኩ ገና አራተኛ ወሬ ነው።

ድሬ ሐምሌ ሲገባ ሁሉም ወደ ደንገጎ ተራራ በኩል ያያል። በ1998ቱ ጎርፍ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ያን ሁሉ ሰው የፈጀው ከላይ ከተራራው በወረደ ውሃ ነዋ። ስለዚህ የነፍስ አድኗ ኤም አይ 17 በክረምት ተሰናድታ መቆም አለባት። በሯ ላይ ያለው ዊንች 150 ኪሎ ያነሳል፤ አንድ ሰው ከነረጠበ ልብሱ።

ያን ሳምንት የሃይድሮሊክ ጥገና ላይ ነበረች። የሚጠግኗት ሻምበል አንዲት ጎሚኒ ጠየቁኝ፤ ዘይት እንዳያፈስ የምታሽግ የጎማ ቀለበት፣ ከጣት ቀለበት እምብዛም የማትበልጥ። ካርዱን አየሁ፦ የተመረተችበት 2005፣ የመጋዘን ዕድሜ 8 ዓመት። ገና ሁለት ዓመቷ! የወጪ ደረሰኙን፣ ሞዴል 22 ቆርጬ እየተጣደፍኩ ወሰድኩላቸው።

ሻምበል ጡረታ ከወጡ በኋላ በኮንትራት የተመለሱ፣ በደርግ ጊዜ ሶቪየት ኅብረት የተማሩ ሰው ናቸው። ጎሚኒዋን ከላስቲኳ አወጡና አሸተቷት። ከዚያ በአውራ ጣታቸው አጠፍ አደረጓት። ጀርባዋ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ብቅ አሉ፤ ልክ የተረከዝ ንቃቃት።

«ይቺ የስንት ዓመት ናት?»

«የሁለት፣ ሻምበል።»

«በማን አቆጣጠር?»

አቦ! ጆሮዬ ጋለ። ስረከብ የድሮዎቹ ካርዶች ተበላሽተው ስለነበር በጥሩ እጅ ጽሑፍ ገልብጫቸው ነበር። ገቢ የሆኑበት ሞዴል 19 በኛ አቆጣጠር ነው። የራሺያው ፓስፖርት፣ ማለትም ከዕቃው ጋር የሚመጣው ደብተር፣ በፈረንጅ ነው። እኔ ሁለቱንም ዝም ብዬ ቁጥር አድርጌ ጻፍኳቸው። ጎሚኒዋ ለካ አሥር ዓመቷ ነው።

ሻምበል አልጮሁብኝም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ቀዩን የሃይድሮሊክ ዘይት በጨርቅ እየጠረጉ አስረዱኝ። መሪውን የሚያግዘው የዘይቱ ግፊት ነው። ዋናው መስመር ቢያፈስ ተጠባባቂው ይተካዋል። ሁለቱም ከሄዱ ግን የአብራሪው ክንድ ብቻውን አይችለውም።

ከሰዓት መጋዘን ገብተው አዩ። በቆርቆሮው ሥር ያለውን የድሬ ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። ትልልቆቹን ጎሚኒዎች እንደ ሽንኩርት ጉንጉን ምስማር ላይ ሰቅያቸዋለሁ። ሥርዓት ያለው መጋዘን መስሎኝ ነው እንግዲህ። «ላስቲክ ተንጠልጥሎ ቅርፁን ያጣል። ሙቀትና ብርሃንም ያደርቀዋል» አሉና አንድ በአንድ አወረዱት። ዝቅ ያለ መደርደሪያ ላይ፣ ጨለማ ውስጥ፣ ሳይወጠር አስተኛነው።

ካርዶቹን ስንከፍት እንደሷ ያለፈባቸው 14 ዓይነት ዕቃዎች ተገኙ። በሙሉ በኔ ቆንጆ እጅ ጽሑፍ! ሪፖርቱ ተጻፈ፤ ማስጠንቀቂያም ደረሰኝ። ሄሊኮፕተሯ ስድስት ቀን ቆመች። በአራተኛው ቀን ማታ በደንገጎ በኩል መብረቅ ብልጭ ሲል እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም። ደግነቱ ደቻቱ ቁርጭምጭሚት ሳያልፍ አደረ።

ቀይ እስክሪብቶ ገዝቼ እያንዳንዱ ካርድ ላይ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ስጽፍ ሰነበትኩ። በስድስተኛው ቀን አዲሶቹ ጎሚኒዎች መጡ። ሻምበል ፓስፖርቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉትና ዝም ብለው ጠበቁኝ።

2014 ይላል።

«ይሄስ አያሳስተኝም፣ ሻምበል» አልኩ። «በኛ ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል።»