ፕሮግራሜ «አላውቅም» ማለት እስክትችል

ከሥራ ሰዓት ውጭ የምጠግናት አንዲት ትንሽ የኦፕን ሶርስ ፕሮግራም አለችኝ። የዶሜይን ስም (የድረ ገጽ አድራሻ) ስትሰጧት ተይዟል ወይስ ክፍት ነው የሚለውን ትነግራችኋለች። በቀደም አንድ ሰው ኢሹ (የችግር ሪፖርት) ከፈተብኝ። 200 ስሞች በስክሪፕት ሲያስጠይቃት፣ ከመሃል ጀምሮ ያሉት በሙሉ «ክፍት» ተባሉለት። ከነሱ ውስጥ ድፍን ዓለም የሚያውቃቸው ድረ ገጾች ነበሩበት።

እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ በሱ ኔትወርክ ላይ ነበር ያሳበብኩት። ራሴ ስሞክረው ግን ያው ሆነ። ስሞቹ የተመዘገቡበት ሰርቨር ዝም አላለም፤ «ጥያቄ አብዝተሃል፣ ቆይተህ ሞክር» የሚል አንድ መስመር ልኳል። ኮዱ የሚፈልገው የዶሜይኑ ስም የሰፈረበትን መስመር ነው፤ ሲያጣው ጊዜ «አልተያዘም» ብሎ ደመደመ። ያን የኮድ መስመር ማን እንደጻፈው የኮዱን ታሪክ ገልጬ አየሁ። እኔው ነኝ።

ሰበብ ልደርድር ካልኩ ግን አላጣም። ፕሮግራሟ የምትጠይቀው በሁኢዝ፣ ማለትም በቆየው የዶሜይን መዝገብ መጠየቂያ ደንብ ነበር። ሁኢዝ ማለት በ43 ፖርት (በሰርቨሩ ቁጥር 43 በር) ገብተህ ስሙን ትጽፋለህ፣ ሰርቨሩ ጽሑፍ ይልክልሃል፣ መስመሩን ይዘጋል፤ በቃ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ደንቡን የሚገልጸው ሰነድ፣ አርኤፍሲ 3912፣ ከዚህ ብዙም አይርቅም። የስህተት ቁጥር የለውም። መልሱ በየትኛው የፊደል ኮድ እንደተጻፈ የሚገለጽበት መንገድ እንኳ የለውም። አንዱ «ኖ ማች» ይላል፣ ሌላው «ኖት ፋውንድ»፣ የጀርመኑ «ፍሪ»። የጃፓኑ ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዲመልስ ከስሙ ኋላ ህዝባርና ኢ (/e) መጨመር አለብህ።

ስለዚህ ፕሮግራሟ አሁን መጀመሪያ የምትጠይቀው ሁኢዝን ሊተካ በመጣው በአርዳፕ ነው። መልሱ በኤችቲቲፒኤስ በኩል፣ ለፕሮግራም ለማንበብ በሚመች ጄሰን በሚባል ቅርጽ ይመጣል፤ 404 ከሆነ መዝገብ የለም፣ 429 ከሆነ ጥያቄ በዝቷል። (404ም ቢሆን «ግዛው» ማለት አይደለም፤ ለማንም የማይሸጡ የተያዙ ስሞች አሉ።) የዶሜይን ስሞችን ሥርዓት የሚያስተባብረው አይካን እንደ ዶት ኮም ላሉት አጠቃላይ ዶሜይኖች የሁኢዝን ግዴታ ከጃንዋሪ 28 ቀን 2025 ጀምሮ አንስቷል። የአገር ዶሜይኖችን ግን ይህ አያስገድዳቸውም፤ አርዳፕ ያልጀመሩም ስላሉ የ43 ፖርቱን ኮድ ልጥለው አልቻልኩም።

የጣልኩት በኮዱ ውስጥ ተጽፎ የነበረውን የሁኢዝ ሰርቨሮች ዝርዝር ነው። የዶት ሞቢ መዝጋቢ ሰርቨሩን ሲቀይር አሮጌው ዶሜይን ሳይታደስ ቀረ፤ በ2024 ተመራማሪዎች በ20 ዶላር ገዙት፣ አሮጌውን አድራሻ በውስጣቸው ከያዙ መሣሪያዎችም ጥያቄ እንደ ጎርፍ መጣላቸው። ይህን ባነበብኩ ማታ የኛን ሰንጠረዥ ከፈትኩ። አሮጌው አድራሻ ቁጭ ብሏል! አሁን የሰርቨሩን አድራሻ በየጊዜው ከአያና (የኢንተርኔት ስሞችንና ቁጥሮችን ዋና መዝገብ ከሚይዘው አካል) እንጠይቃለን። አንድ ጥያቄ ስለሚጨምር ትንሽ ትዘገያለች፤ ትዘግይ።

ቀድሞ ፕሮግራሟ ስትጨርስ የምትመልሰው 0 ወይም 1 ነበር፤ ተይዟል ወይም ክፍት ነው። አሁን 2 ጨመርኩበት፦ «አላውቅም»። በተለቀቀ በማግስቱ አዲስ ኢሹ መጣ። ስክሪፕቱ 0 ያልሆነውን ሁሉ «ክፍት» ብሎ ስለሚቆጥር፣ ምንም አልተስተካከለም ይላል። ያው ሰውዬ ነው።