አንግሊካኑ በጎንደር ጉባኤ ቤት

ጎንደርና አንግሊካኖች፣ ማለትም የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ወገን የሆኑ ክርስቲያኖች፣ የተዋወቁት አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው። ሳሙኤል ጎባት የሚባል ስዊዘርላንዳዊ በ1830 ከተማዋ ገባ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የላከው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የሚሲዮን ማኅበር ነበር። ይዞት የመጣው ትልቁ ነገር በአማርኛ የታተመ ወንጌል ነው። ትርጉሙን የሠራው ደግሞ ፈረንጅ አይደለም። አቡ ሩሚ የሚባል የጎጃም ሰው ነው። ካይሮ ተቀምጦ፣ ዓመታት ፈጅቶ፣ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ አማርኛ መለሰው። እንግሊዞች የእጅ ጽሑፉን በ1820 ገዙት። አራቱን ወንጌል በ1824 አሳተሙት።

ጎንደር የሄድኩት ይህን ታሪክ ይዤ ነው። እኔ አንግሊካን ነኝ። አዲስ አበባ፣ በቅዱስ ማቴዎስ ቤተ ክርስቲያን ነው የማመልከው። ሰው ይህን ሲሰማ "ጴንጤ ነህ ወይስ ካቶሊክ?" ይለኛል። ሁለቱንም አይደለሁም። ጳጳስ፣ ቄስና ዲያቆን አለን። ቁርባን አለን። ከሁሉም በላይ የጸሎት መጽሐፍ አለን። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ክራንመር በ1549 አዘጋጀው፤ እስካሁን የምንወደውን መልኩን በ1662 ያዘ።

በአገራችን አብዛኛው አንግሊካን ያለው ጋምቤላ ነው። እዚያ ሰዉ በኑዌርና በአኙዋ ቋንቋ ይጸልያል። ከደቡብ ሱዳን የመጡ ስደተኞችም ብዙ ናቸው። አዲስ አበባ ያለነው ግን ጥቂት ነን። ጸሎታችንም በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። የውጭ አገር ሰው ሥራው ሲያልቅ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። እኛ እዚሁ ነን። ልጆችም አሉን። ያ ጸሎት በልጆቻችን አፍ ካልገባ ከእኛ ጋር ይቀበራል።

"ለመብዛት ከፈለግን መጽሐፉን እንተወው፤ ባንድና ስክሪን እናስገባ" የሚል ሐሳብ አለ። ከቅን ልብ የመጣ ሐሳብ ነው። እኔ ግን አልስማማም። አልስማማም ማለት ብቻውን ደግሞ ልጅ አያስተምርም። ስለዚህ ሳይለወጥ የቆየ፣ ግን ዛሬም ሕያው የሆነ ነገር በዓይኔ ማየት ፈለግሁ። ለዚህ ከጎንደር የተሻለ ቦታ አላውቅም።

የየብሱ መንገድ አስተማማኝ ስላልሆነ በአውሮፕላን ሄድኩ። አዘዞ ወረድኩ፣ ከባጃጅ ሹፌር ጋር ተከራከርኩ፣ ፒያሳ ገባሁ። ስለ ግንቦቹ ብዙ አልጽፍም። አፄ ፋሲል ከተማዋን በ1636 ከመሠረቱ ወዲህ ስለ እነሱ ያልተባለ ነገር የለም።

ጎባት እዚህ የቆየው ለጥቂት ወራት ነው። ዘመነ መሳፍንት ነበር፤ ንጉሡ ስም ብቻ ቀርቷቸው ነበር። እጨጌ ፊልጶስ ግን በደግነት ተቀበሉት። ካህናቱ እሱ ዘንድ እየመጡ ይከራከሩት ነበር። እሱም ከመጽሐፍ እየጠቀሰ ይመልሳል። የላኩት ሰዎች ሐሳብ አዲስ ቤተ ክርስቲያን መትከል አልነበረም። ያለችው በመጽሐፍ ቅዱስ እንድትታደስ ነበር የፈለጉት። ጎባት በ1846 የኢየሩሳሌም ጳጳስ ሆነ። እዚያም ዴር ሱልጣን በሚባለው ገዳም ላሉት ኢትዮጵያውያን መነኮሳቶቻችን ቆመላቸው። ይህን ውለታ ብዙ ሰው አያውቀውም፤ እኔ ግን ሁልጊዜ አነሳዋለሁ።

ባልደረባው ካርል ኢዘንበርግ ደግሞ የጸሎት መጽሐፋችንን ወደ አማርኛ መለሰው። ለንደን ላይ በ1842 ታተመ። እንግዲህ የአንግሊካን ጸሎት በአማርኛ ከ180 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። የሚጸልይበት ጉባኤ ግን አላገኘም። ለምን ይሆን? መልሱ ጥርት ብሎ የታየኝ ጉባኤ ቤት ስገባ ነው።

መጀመሪያ በአታ ለማርያም ሄድኩ። የአቋቋም ትምህርት የሚታወቅበት ደብር ነው። ተማሪዎቹ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ተሰልፈው ነበር። አንዱ ሲስት መሪጌታው ያስቆማሉ። እንደገና ከመጀመሪያው። ማንም አይቆጣም፣ ማንም አይቸኩልም።

ከዚያ ወደ መንበረ መንግሥት መድኃኔዓለም አለፍኩ። እዚያ የመጻሕፍት ትርጓሜ ይሰጣል። አሠራሩ ቀላል ይመስላል። አንድ ተማሪ ግእዙን ያነባል። የኔታ በአማርኛ ይተረጉሙታል። ከዚያ "አንድም" ይሉና ሌላ መንገድ ያሳያሉ። እንደገና "አንድም"። ምሳሌው ከእርሻ፣ ከገበያ፣ ከቤተ መንግሥት ይመጣል። ጉባኤው ሲያበቃ ተማሪዎቹ ተሰብስበው የሰሙትን ይከልሳሉ። መምህራኑ ደግሞ የትምህርታቸውን ሐረግ ከታላቁ መምህር ኤስድሮስ ጀምረው እየቆጠሩ ያወርዱታል። ማን ከማን እንደተማረ ይታወቃል።

ከየኔታ ጋር ትንሽ እንዳወራ ፈቀዱልኝ። ማንነቴን አልደበቅኩም።

"የእንግሊዞቹ ሃይማኖት?" አሉኝ።

"አዎ፣ የኔታ።"

"ቅዳሴ አላችሁ?"

"አለን። ዳዊትም እንደግማለን።"

ይኼኛው ደስ አሰኛቸው። "በምን ቋንቋ?" አሉ።

"አዲስ አበባ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው።"

"ልጆቹ ይሰሙታል?"

"ትምህርት ቤት ስለተማሩት ቋንቋውን ይሰሙታል።"

"ቋንቋውንስ ይስሙት። ትርጓሜውን ማን ይነግራቸዋል?"

ዝም አልኩ። ከዚያ ተማሪ እንዳይጠፋ ምን እንደሚያደርጉ ጠየቅኋቸው።

"ተማሪ አይጠፋም ልጄ፤ ከጎጃም ይመጣል፣ ከወሎ ይመጣል፣ እየተራበም ይማራል። ቁም ነገሩ የመምህሩ ወንበር ባዶ እንዳይሆን ነው።"

የኢዘንበርግ መጽሐፍ የጎደለው ይኸው ነው። መጽሐፍ መጣ፣ ወንበር ግን አልተዘረጋለትም። ጎንደር ላይ ግእዙ አልተነካም። ማንም "ለወጣቱ ከበደው" ብሎ አላሳጠረውም። ነገር ግን ከጎኑ ሁልጊዜ አንድ ሰው ተቀምጦ ሕዝቡ በሚናገረው አማርኛ ያብራራል።

እዚህ ላይ ከየኔታ መንገድ የምለይበት ነገር አለ። የአንግሊካን እምነት መግለጫ በሆኑት በእኛ 39 አንቀጾች ውስጥ 24ኛው የጉባኤ ጸሎት ሕዝቡ በማይሰማው ቋንቋ እንዳይሆን ይላል። ክራንመር የላቲኑን ጸሎት ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው በዚህ እምነት ነው። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ አንግሊካን ለአባቶቹ ታማኝ ልሁን ካለ፣ በአማርኛ መጸለይ አለበት። እንግሊዝኛውን የሙጥኝ ማለት ወግ መጠበቅ አይደለም። ወጉ ራሱ "ተርጉሙት" ይላል። ጽሑፉ ሙሉውን ይተርጎም፤ ሳይቀጥን፣ ሳይቆረጥ። ከጎኑ ደግሞ አስተማሪ ይቀመጥ።

ከእኛ ወገን ይህን ቀድሞ የተረዳ ሰው ነበር። ሮጀር ካውሊ ይባላል፤ እንግሊዛዊ ቄስ ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ኖረ፤ በጎንደር ክፍለ ሀገርም አገልግሏል። ከሊቃውንቱ አንድምታን፣ ያንኑ የ"አንድም" ትርጓሜ፣ ተማረ። የዮሐንስ ራእይን አንድምታ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1983 አሳተመው። በ1988 ገና በሙሉ ጉልበቱ ሳለ አረፈ። በሚሲዮን ስም መጥቶ የተማሪ ቦታ የያዘ ሰው ነው። ለእኔ በኢትዮጵያ የአንግሊካን ታሪክ ውስጥ ትልቁ ሰው እሱ ነው።

በማግሥቱ ወለቃ ሄድኩ። ከከተማው ብዙ አይርቅም። የቤተ እስራኤል መንደር ነበር። ሰዎቹ በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል ሄዱ። መንገድ ዳር የሸክላ ሥራ አሁንም ይሸጣል። እዚህ የእኛ ታሪክ ከባድ ነው። በ1860 ሄንሪ ስተርን የሚባል የለንደን ሚሲዮን ሰው ቤተ እስራኤልን ለመስበክ መጣ። ማርቲን ፍላድ ደግሞ ደምቢያ ውስጥ ጀንዳ ላይ ጣቢያ አቆመ። አፄ ቴዎድሮስና አቡነ ሰላማ የፈቀዱት በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ያመነ ሁሉ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቅ። ስተርን በ1863 ታሰረ፤ የተፈታው በ1868 መቅደላ ላይ ነው። በእስሩ ብዙ ተሠቃየ።

ግን የተሠቃየው እሱ ብቻ አይደለም። ስብከቱ በቤተ እስራኤል መካከል ብርቱ ጭንቀት ፈጠረ። በ1862 አባ ማሃሪ የሚባሉ መነኩሴ ሕዝብ አስከትለው ወደ ተስፋይቱ ምድር ተነሱ። ብዙዎች በረሃብና በበሽታ መንገድ ላይ አለቁ። ወለቃ ቆሜ ይህን ሳስብ አንድ ነገር ወሰንኩ። "እንብዛ" ስንል ከጎረቤት ቤት ሰው መንጠቅ ማለታችን አይሁን። የራሳችን ልጆች አሉ። ቤተ ክርስቲያን ከተዉ ዓመታት ያለፋቸው የሥራ ባልደረቦቻችን አሉ። ከጋምቤላ መጥተው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ፣ እሑድ የት እንደሚሄዱ የማያውቁ ወጣቶች አሉ። ከእነሱ እንጀምር።

ደብረ ብርሃን ሥላሴንም አየሁ፤ ጣራው ላይ ያሉትን መላእክት ለማየት አንገቴ እስኪያመኝ። ድርቡሾች በ1888 የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ ይህ ተርፏል። ንብ ነው ያባረራቸው ይላሉ የአገሩ ሰዎች።

ማታ ማታ ሆቴል ክፍሌ ውስጥ የሠርክ ጸሎታችንን እጸልይ ነበር። የጉባኤ ቤቱን ዜማ ሰምቼ ስመለስ፣ ምን ያህል እንደምንቀራረብ ገረመኝ። እኛ 150ውን መዝሙር በ30 ቀን እንጨርሳለን፤ ጠዋትና ማታ ተከፋፍሎ። ኦርቶዶክሳውያን ወገኖቻችን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያደርሱታል፤ ከእኛ ይበረታሉ። እሑድ የነቢያትን ጸሎት ያነባሉ። እዚያ ውስጥ የማርያምና የስምዖን ጸሎት አለ። እኛም ሁለቱን በየማታው እንላቸዋለን። "ታዐብዮ ነፍስየ ለእግዚአብሔር" የሚለውን እናቴ በቃሏ ትደግመዋለች፤ ኦርቶዶክስ ናት። ልጄ ያንኑ ጸሎት በእንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚያውቀው። አያትና የልጅ ልጅ አንድ ጸሎት ይዘው አብረው መጸለይ አለመቻላቸው ያሳዝነኛል።

አዘዞ በረራ ስጠብቅ አንድ የጉባኤያችን ወንድም ጋ ደወልኩ። ረጅም አወራን። ረቡዕ ማታ የሠርክ ጸሎት በአማርኛ እንጀምራለን። አጭር ስብከት ሳይሆን ትርጓሜ ይኖረዋል፤ በየሳምንቱ አንድ መዝሙር። የኢዘንበርግ አማርኛ የዚያ ዘመን ነው፤ መሠረቱን ይዘን በዛሬ አማርኛ እናስተካክለዋለን። የቀኑን መዝሙር ልጆቹን በቃል የማስጠናው እኔ ነኝ።

"ወንበሩ ላይ ማን ይቀመጥ?" አለኝ።

ጋምቤላ የቅዱስ ፍሬምናጦስ የሥነ መለኮት ኮሌጅ አለን። ከዚያ የተማረ፣ አማርኛ የሚችል ወጣት ለማምጣት አሰብን። የቤት ኪራዩና ቀለቡ ከእኛ ከምእመናኑ መውጣት አለበት፤ ከውጭ እርዳታ መጠበቅ የለብንም። የጎንደር ሕዝብ ተማሪውን የሚመግበው ከራሱ መሶብ ነው። ወንድሜ እዚያው ስልክ ላይ ወርሃዊ መዋጮውን ነገረኝ። እኔም የእኔን ነገርኩት። ለቄሳችን ከመንገራችን በፊት ሌሎቹን አባወራዎች አንድ በአንድ እናነጋግራለን።