ናይትሬቱን ከ80 ወደ 12 ያወረደው የማጣሪያው ሙሌት ነው

የጨው ውኃ የዓሣ ገንዳዬ 75 ሊትር ነው፤ ድንጋዩና አሸዋው የያዙት ቦታ ሲቀነስ ግን ውስጡ ያለው ውኃ 60 ሊትር ገደማ ይሆናል። ሁለት ክላውንፊሽ፣ አንድ ጎቢ፣ ጥቂት ለስላሳ ኮራሎች፣ 8 ኪሎ ሕያው ድንጋይ (ባክቴሪያ የሰፈረበት ባለ ቀዳዳ ድንጋይ)፣ ከሥር የተቀመጠ ባለ አራት ቅርጫት ካኒስተር ማጣሪያ (ውኃ በቱቦ የሚያልፍበት የታሸገ ዕቃ) አለው። በየሳምንቱ 12 ሊትር፣ ማለትም 20 በመቶውን ውኃ እቀይራለሁ። ይህ ሁሉ እየተደረገ ናይትሬቱ፣ ማለትም ከኩስና ከተረፈ ምግብ የሚመጣው የናይትሮጅን ውህድ፣ በሊትር 80 ሚሊግራም ላይ ተተክሎ ቀረ። ዓሦቹ ምንም አልሆኑም። ኮራሎቹ ግን ተኮማትረው አልከፈት አሉ፤ መስታወቱም ባጸዳሁት በማግስቱ ቡናማ ይለብሳል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት መለኪያውን ነው። በጠብታ የሚሠሩት መመርመሪያዎች ከ40 በላይ ሲሆን ቀይ በቀይ ናቸው፤ 40ን ከ80 በዓይን መለየት ግምት እንጂ ልኬት አይባልም። ስለዚህ ማቅጠን ያስፈልጋል፦ አንድ እጅ የገንዳ ውኃ ከሦስት እጅ የአርኦ ውኃ (በስስ ሽፋን ተጣርቶ የነጻ ውኃ) ጋር በሲሪንጅ ለክቶ መቀላቀል፣ የተነበበውንም በ4 ማባዛት። ቅጥኑ 20 ካሳየ ገንዳው 80 ነው። ሌላው ስሕተት አለመነቅነቅ ነው። ናይትሬቱን ቀለም ወደሚሰጠው ዘመዱ፣ ወደ ናይትራይት፣ የሚለውጠው ንጥረ ነገር ጠርሙሱ ታች ይዘቅጣል፤ በመመሪያው የተጻፈውን 30 ሰከንድ ሳይነቀንቁ ጠብ ያደረጉት እንደሆነ ንባቡ ከእውነቱ ያንሳል፣ ሰውም በከንቱ ደስ ይለዋል። ገንዳው ውስጥ ናይትራይት ካለ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ንባቡ ያለ አግባብ ይንራል። የመመርመሪያውን ወረቀትም ማየት ነው፦ አንዳንዱ የሚሰጠው ሙሉውን ናይትሬት ሳይሆን በውስጡ ያለውን ናይትሮጅን ብቻ ነው፤ እሱን በ4.43 ካላባዙት 80 የነበረው 18 መስሎ ይታያል። አዲስ የምቀላቅለውን የጨው ውኃም ለካሁ፤ ዜሮ ነው። እንግዲህ ናይትሬቱ የሚመጣው ከውስጥ ነው።

ከዚያ ወደ ሒሳቡ ገባሁ። ውኃ በቀየርኩ ቁጥር 80ው ወደ 64 ይወርዳል፤ በሳምንቱ ተመልሶ 80 ነው። ገንዳው በሳምንት 16 ያመርታል ማለት ነው፤ እኔም በሳምንት 16 አወጣለሁ። ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ። የሳምንቱን ምርት ለሚቀየረው ድርሻ ብታካፍሉ (16 ለ0.2) ናይትሬቱ የሚቆምበትን ቁጥር ታገኛላችሁ፤ 80። ሃያ በመቶውን እየቀየሩ 10 ላይ ለመድረስ ምርቱ 2 መሆን አለበት፤ ከዚያ ውጭ ዕድሜ ልክ ቢቀይሩ ጠብ አይልም።

የ16ቱ ምንጭ ምግቡ ነው። በቀን ግማሽ ግራም ገደማ ደረቅ ምግብ እሰጣለሁ። ከምግቡ 45 በመቶ የሚሆነው ፕሮቲን ነው፤ ከፕሮቲን 16 በመቶው ናይትሮጅን ነው። አንድ ግራም ምግብ ውስጥ እንግዲህ 72 ሚሊግራም ናይትሮጅን አለ፤ ሙሉ በሙሉ ወደ ናይትሬት ቢለወጥ 320 ሚሊግራም ገደማ ይሆናል። በ60 ሊትር ሲካፈል በሊትር ከ5 ሚሊግራም ትንሽ ይበልጣል። የሳምንቱ 3.5 ግራም 18 ወይም 19 ይሰጣል፤ ዓሦቹ ለሥጋቸው የሚያስቀሩት ሲቀነስ 16 አካባቢ ነው። ይህ ቁጥር ነው ዓይኔን የገለጠው። የገባው ሁሉ ናይትሬት እየሆነ ነው፤ በመንገድ ላይ የሚቀር የለም።

ምክንያቱ ማጣሪያው ሲከፈት ይታያል። ውኃው መጀመሪያ የሚያገኘው ቅርጫት ውስጥ ወፍራም ስፖንጅ፣ በሁለተኛው የፕላስቲክ ኳሶች፣ በሦስተኛው የሴራሚክ ቀለበቶች፣ በአራተኛው ከሰል ነበር። ስፖንጁን ሲጨምቁት የሚወጣው ውኃ የጭቃ መልክ አለው። ኩሱና የተረፈው ምግብ እዚያ ተይዟል፤ ተይዟል እንጂ ከውኃው አልወጣም። ውኃው ሌት ተቀን በላዩ ያልፋል፣ ዝቃጩ ይበሰብሳል፣ አሞኒያ ይሆናል። ኳሶቹና ቀለበቶቹ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡና ወደ ገንዳው ይመልሱታል። ሥራቸውን በደንብ ሠሩ እንጂ አላጠፉም። ናይትሬትን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ለውጠው የሚያስወጡት ባክቴሪያዎች ሌሎች ናቸው፤ እነሱ የሚፈልጉት ኦክስጅን የሌለበት ቦታ ነው። ውኃ እየተንዠቀዠቀ በሚያልፍበት የፕላስቲክ ኳስ ላይ እንዲህ ያለ ቦታ አይገኝም። ሕያው ድንጋይ ላይ ግን ናይትሬቱ የሚመረተው በቆዳው ነው፤ ከጥቂት ሚሊሜትር በታች ኦክስጅን ያጣው ክፍል ይጠብቀዋል። ኳሱ ከድንጋዩ አሞኒያውን ይሻማል፤ ሩቅ ቦታ ናይትሬት አድርጎ ይለቀዋል።

ስለዚህ ሙሌቱን፣ ማለትም ቅርጫቶቹ ውስጥ የሚገባውን ነገር፣ በሁለት ሐሳብ ቀየርኩ፦ ቆሻሻው ሳይበሰብስ ይውጣ፤ የቀረው ደግሞ የሚጠፋበት ቦታ ያግኝ።

የመጀመሪያው ሐሳብ ርካሽና ፈጣን ነው። ካኒስተሩን በሁለት ቀን አንዴ መክፈት ማንም ዘላቂ የሚያደርገው ሥራ አይደለም፤ ስለዚህ መያዣውን ወደ ውጭ አመጣሁት። ውኃ መሳቢያው ቱቦ ጫፍ ላይ ትንሽ ሲሊንደር ስፖንጅ ሰካሁ፤ ሁለት አሉኝ፣ አንዱ ሲሠራ ሌላው ታጥቦ ይጠብቃል። በየሁለት ቀኑ ይለዋወጣሉ። አወጣጡ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መጀመሪያ ፓምፑ ይጠፋል። ከዚያ ስስ የፕላስቲክ ከረጢት ውኃው ውስጥ ገብቶ ስፖንጁን ከሥር ወደ ላይ ያለብሰዋል፤ አፉ በጣት ተይዞ ነው ስፖንጁ ከቱቦው የሚላቀቀው። ያለ ከረጢት ከሳቡት የሁለት ቀን ቆሻሻ እንደ ጢስ ተበትኖ ድንጋዩ ላይ ይረጋል፤ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ይህ ስፖንጅ የሚፈለገው ለባክቴሪያ ሳይሆን ቆሻሻ ለመያዝ ስለሆነ በቧንቧ ውኃ አጥቦ ማድረቅ ይቻላል።

ካኒስተሩ ውስጥ በወፍራሙ ስፖንጅ ፋንታ ነጭ የፖሊስተር ጥጥ፣ ሦስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ ሳይጨመቅ ገባ። በየሳምንቱ ውኃ ስቀይር ይጣላል። አጥቦ መመለስ አያዋጣም፤ ክሮቹ ይጣበቁና ውኃው በጎን አቋርጦ ያልፋል።

ሁለተኛው ሐሳብ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው፤ እኔም ተሳስቻለሁ። ኳሶቹ ሁለት ሊትር ያህል ነበሩ። ዕቅዱ በየሳምንቱ ግማሽ ሊትር እያወጡ በቦታው ባለ ቀዳዳ የሴራሚክ ጡብ መተካት ነበር። ሁለት ሳምንት እንደዚያ ሄደ፤ አሞኒያ ዜሮ። በሦስተኛው ሳምንት የቀሩትን ኳሶችና ቀለበቶቹን በአንድ ቀን አወጣሁ። በሁለተኛው ቀን አሞኒያ 0.5 ሆነ። የጨው ውኃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 8.2 አካባቢ ስለሆነ ከንጹሕ (ጨው አልባ) ውኃ ገንዳ ይልቅ ብዙው አሞኒያ በመርዛማ መልኩ ይገኛል፤ 0.5 ቀልድ አይደለም። ምግብ ለሁለት ቀን አቆምኩ፣ 20 ሊትር ቀየርኩ። ቀለበቶቹን መመለስ የማይቻለው አጥቤ ስላደረቅኋቸው ነበር፤ ባክቴሪያው ሞቷል። ከዚያ ወዲህ የወጣ ሙሌት ከገንዳው በተቀዳ ውኃ፣ በባልዲ፣ አየር እየተነፋበት አንድ ሳምንት ይቆያል። አሞኒያ ከተነሣ ይመለሳል፤ ካልተነሣ ይጣላል። ከእያንዳንዱ መቀነስ በኋላ በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን አሞኒያና ናይትራይት መለካት ግድ ነው። 0.25 ካለፈ ቀጣዩ ሩብ አይነካም።

የሚተካው ጡብ በውስጡ ጥልቅ ቀዳዳ ያለው መሆን አለበት። ትንንሽ ቀለበቶች ስስ ስለሆኑ ውስጣቸው ድረስ ኦክስጅን ይገባል፤ ጡጫ የሚያህል ግን እምብርቱ ላይ ያጥረዋል። አንድ ሊትር ያህሉ ካኒስተሩ ውስጥ ውኃው በመጨረሻ በሚያገኘው ቅርጫት ገባ፤ ከጥጡ በኋላ እንጂ በፊት አይደለም፤ አለዚያ ቀዳዳው በዝቃጭ ይደፈናል። ብዙ ካኒስተሮች ውኃውን ከታች ወደ ላይ ነው የሚገፉት፤ የሁሉም አንድ ስላልሆነ ግን የራስን አቅጣጫ ሳያዩ መደርደር ነገሩን ይገለብጠዋል። ሁለት ትልልቅ ጡቦች ደግሞ ገንዳው ውስጥ፣ ከድንጋዩ ጀርባ፣ ውኃው ዝግ በሚልበት ተቀመጡ። ባለፈው ሳምንት አስገብቶ ዛሬ መለካት ዋጋ የለውም። ኦክስጅን የማይሹት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል።

አንድ ነገር ሳልሞክር የተውኩት ለንጹሕ ውኃ ገንዳ የሚሸጠውን ናይትሬት ሳቢ ሬዚን (ጥቃቅን የፕላስቲክ እንክብሎች) ነው። ሬዚኑ ናይትሬትን የሚይዘው ክሎራይድን ለቆ ነው። የባሕር ውኃ በሊትር 19 ግራም ገደማ ክሎራይድ አለው፤ 80 ሚሊግራሙ ናይትሬት በዚያ መሐል ወንበር አያገኝም። እንዲያውም ሬዚኑ ሲሞላ የሚታደሰው በጨው ውኃ ተነክሮ ነው፤ ከንጹሕ ውኃ ገንዳ የመጣ ያገለገለ ሬዚን የያዘውን ሁሉ ያራግፍባችኋል። ከሰሉም ናይትሬት አይነካም፤ ለቢጫነትና ለሽታ ነው የተውኩት።

ቁጥሮቹ እንዲህ ሄዱ። በ4ኛው ሳምንት 60፣ ያ በአብዛኛው የስፖንጁና የጥጡ ሥራ ነው፤ የሳምንቱ ምርት ከ16 ወደ 10 ወርዶ ነበር። በ8ኛው 40፣ በ12ኛው 25። እዚህ ላይ ነው ጡቡ መሥራት የጀመረው፤ ምርቱ ከ3 በታች ወረደ። በ20ኛው ሳምንት 12 ላይ ቆመ፤ አሁንም እዚያው ነው። የሚቀየረው ውኃ ያው 12 ሊትር፣ ምግቡም ያው ግማሽ ግራም ነው፤ ሙሌቱን፣ ውኃውንና ምግቡን አንድ ላይ ብነካ የቱ እንደሠራ አላውቅም ነበር። መስታወቱን አሁን በአምስት ቀን አንዴ እጠርገዋለሁ። ኮራሎቹ መከፈት የጀመሩት ናይትሬቱ ከ40 ሲወርድ ነው።

ዜሮን ግብ አላደረግሁም። ለስላሳ ኮራል ናይትሬት ይበላል፤ ናይትሬትና ፎስፌት (ሌላው ከምግብ የሚመጣ ንጥረ ነገር) አብረው ሲጠፉ ዳይኖፍላጄሌት የሚባለው አረፋ ያቀፈ ቡናማ ንፍጥ አሸዋውን ይወርሳል፣ እሱን ማጥፋት ከናይትሬት የከፋ ነው። ፎስፌት በሊትር ከ0.03 ሚሊግራም በታች እንዳይወርድ በየሁለት ሳምንቱ እለካለሁ፤ ፎስፌት ያጣ ባክቴሪያ አያድግም፣ ናይትሬቱንም አይነካም።

መብራት ለጠፋበት ቀን ደግሞ፦ የቆመ ካኒስተር ውስጥ ያለው ውኃ የታሸገ ነው፤ ባክቴሪያው ኦክስጅኑን ቶሎ ይጨርሰዋል። ከአንድ ሁለት ሰዓት በላይ ከቆመ ቱቦው ሳይገጠም መጀመሪያ ውስጡ ያለው ውኃ ይደፋል፣ ጡቡ ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ይለቀለቃል፣ ከዚያ ነው ፓምፑ የሚነሣው። የቧንቧ ውኃ ለጡቡ አይሆንም፤ ክሎሪኑ የአምስት ወሩን ሥራ በአምስት ደቂቃ ያጥበዋል።